የበሶብላ ነፋስ

ነፋስ በከረጢት ለየቤቱ መታደል ከጀመረ ወዲህ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ በሸራ ጀልባ የሚወዳደር ድርሻውን ሲቆጥብ የከረመ ሰው ብቻ ነው። ያለውን ሁሉ ጨርሶ የነበረው ወንድይፍራው ግን የእንቁጣጣሽን የቤተሰብ ውድድር ቀድሞ ገብቶ ዋንጫ ወሰደ።

"እኔን እኮ ነፋስ ራሱ ይወደኛል፤ አንዴማ ከነጀልባዬ አንስቶ ገበያ መሃል አስቀምጦኛል" እያለ ሰዉን አሳቀ።

የጎረቤቱ ልጅ ሲፈን ከፊት ቆማ ታጨበጭባለች። ከበዓል ቀሚሷ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል።

"ምነው ረጠብሽ?" አላት።

"እማዬ አጥባው አልደርቅ አለ፣ ጋሼ። ከረጢታችን ከደጅ ጠፋ።"

ወንድይፍራው ጀልባው ውስጥ የተረፈችውን ነፋስ ፈትቶ ቀሚሷ ላይ ለቀቀላት። ነፋሷ በሶብላ በሶብላ ሸተተች።

"እማዬ ደጃችን ላይ የሰቀለችውን በሶብላ ይሸታል" አለች ሲፈን ደስ ብሏት። "ነፋሱ እኛንም ይወደናል ማለት ነው፣ ጋሼ?"

ወንድይፍራው ዋንጫውን ከጀርባው ደበቀ።