ያበጠው ጉንጬ

«ወደ መስኮቱ ዙሪ፣ ብርሃኑ ይምታሽ» ትለኛለች መልኳ የኔን የሚመስለው ታናሽ እህቴ፣ መኪናው ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ። እዞራለሁ። ስልኬ ላይ ያለው የታክሲ ጥሪ መተግበሪያ፣ ሹፌሯ እኔ መሆኔን ሊያረጋግጥ፣ ፊቴን በክብ መስመር ከቦ ያየኛል፣ ያየኛል፣ ከዚያ መስመሩ ቀይ ይሆናል። «ፊትዎ ከመዝገቡ ጋር አልተመሳሰለም። የቀረዎት አንድ ሙከራ ነው።»

እንዴት ይመሳሰል! ትናንት የመንጋጋ ጥርሴን አስነቅዬ ግራ ጉንጬ ዱባ አክሏል። አራት ዓመት ሙሉ ይሄ ስልክ በጠራኝ ቁጥር ሰው አመላልሻለሁ፣ አንድ ቀን ተሳስቼ ሰው አላስቀየምኩም። አሁን ይቺ ካልተሳካች አካውንቴ ይዘጋል። ከተዘጋ ደግሞ የመኪናው ባለቤት ዛሬውኑ ቁልፉን ይቀበለኛል፤ ሹፌር መች ያጣል!

«ከድርጅቱ ለአንዱ ደውይና አስረጂ።»

«ለማን? ሰው ቢኖርማ አፌን ከፍቼ አሳየው ነበር!»

ትስቃለች።

«ቆይ፣ ብርሃኑ የቱ ጋ እንደሚሻል እኔ ልየው» ብላ ስልኩን ትነጥቀኝና ወደ ራሷ ፊት ታዞረዋለች።

«ኧረ ተይ! እንዳታ...»

ስልኩ ጢው ይላል። አረንጓዴ። «እናመሰግናለን። ማንነትዎ ተረጋግጧል። ፎቶዎ ታድሷል።»

ከስሜና ከታርጋዬ በላይ የእህቴ ፊት ተቀምጧል።

«እሰይ! ተከፈተልሽ አይደል እንዴ? ዋናው እሱ ነው» ብላኝ ትወርዳለች። እኔ ግን ደስታው አልመጣልኝም። ሳላስበው ጥሪ ይገባል፤ ሁለት ደቂቃ መንገድ ነው፣ እሄዳለሁ።

ተሳፋሪዋ ሕፃን ያቀፈች ሴት ናት። የኋላውን በር ከፍታ ልትገባ ስትል ስልኳን ታያለች። እኔን ታያለች። ደግማ ስልኳን።

«ሹፌሯ የት አለች?»

«እኔ ነኝ እኮ። ጥርሴን አስነቅዬ ነው።»

«እዚህ ያለችው ሌላ ናት።»

«እህቴ ናት... ማለቴ፣ በስህተት ነው...» እየተናገርኩ ለራሴም የሌባ ወሬ ይመስለኛል። መንጃ ፈቃዴን አወጣለሁ። «ይኸው የኔ እመቤት፣ እዪው፣ እኔ ነኝ።»

አታየውም። ልጇን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች። አልፈርድባትም፤ እኔም ብሆን አልገባም።

መንጃ ፈቃዴን በመስኮቱ እንደዘረጋሁ፣ አውራ ጣቷ ስልኳ ላይ «ሹፌሩ ሌላ ሰው ነው» የሚለው የአቤቱታ ቁልፍ ላይ ሲያርፍ አያለሁ።