ሠላሳ እስኪቆጠር

«ክዳኑን ከከፈትከው በመስኮት ነው የምወረውረው!» አልኩት።

ወንድሜ የአባባን የሙጫ ጠርሙስ በሁለት ጣቱ እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። አባባ ከሞተ ሦስት ወሩ ነው። የስፌት ጠረጴዛው ላይ፣ ከስፌት መኪናው ጎን፣ ሳይጨርሳት የሄደው የፕላስቲክ መርከብ አለች። የቀራት ጭስ ማውጫዋ ብቻ ነው። ዛሬ ልንጨርሳት ተቀጣጠርን፤ በምን እንደምናጣብቃት ግን አልተነጋገርንም።

እኔ አዲስ ሙጫ ገዝቼ መጥቻለሁ፤ መርዝ የሌለው፣ ሽታ የሌለው። እሱ ደግሞ ገና ከመግባቱ መሳቢያውን ከፍቶ የአባባን አወጣ። የዚያ ጠርሙስ ሽታ አናት ይበሳል። ክዳኑ ሳይነካ እንኳ አፍንጫዬ ውስጥ ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ ያንቺ ሙጫ እኮ ምራቅ ነው» አለኝ። «የአባባ ፕላስቲኩን አቅልጦ አንድ ያደርገዋል። ያንቺ ላዩ ላይ ተለጥፎ ነው የሚቀመጠው። ነገ ጭስ ማውጫዋ ብትወድቅስ?»

«ትውደቃ!»

«አባባ በጀመረበት ነው መጨረስ ያለባት።»

«አባባን የጨረሰውም እሱ ነው!»

ሐኪሙ ከዚህ የመጣ ነው ብሎ አልፈረመም። ዕድሜም ነው፣ የጨርቅ ብናኝም ነው፣ ብዙ ነገር ነው አለ። እኔ ግን ፈርሜያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ሳል በግድግዳ አልፎ ስሰማ ያደርኩት እኔ ነኝ። ጠርሙሱን ብደብቅ ፈልጎ ያወጣዋል። መስኮት ብከፍት «ብርድ ገባ» ብሎ ይዘጋል። ሽታ የሌለው ሙጫ አለ ስለው «እሱ የልጆች ነው» ብሎ ይስቅብኛል። ደግሞ «ካፒቴን ሲመጣ እንጨርሳታለን» ይላል። ካፒቴን የሚለው ይሄንኑ ወንድሜን ነው። ካፒቴኑ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ በስልክ «መጣሁ፣ መጣሁ» ሲል ከርሞ የደረሰው ለቀብር ነው።

«ዛሬ ለአባባ ተቆርቋሪ ሆንክ?» አልኩት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

ፊቱ ልውጥ አለ። «ተይ እንጂ እትዬ፣ እኔ እኮ መንገድ ላይ…»

«መንገድህን አልጠየቅኩህም። ሙጫው ላይ የተጻፈውን አንብብ። ጮክ ብለህ አንብበው!»

እውነቱን ለመናገር ሙጫውንም መርከቧንም እሱንም አንድ ላይ ጠቅልዬ ብጥላቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ጠርሙሱን አገላብጦ አየው። ጽሑፉ በአባባ ጣት ተፋፍቆ አልቋል። ከመሳቢያው አንዲት ያረጀች ካርቶን አወጣ፤ ልጆች ሳለን የተገዛው የመጀመሪያው ሙጫ ካርቶን ናት። አባባ መርፌ ማስቀመጫ አድርጓት ነበር። መርፌዎቹን አራግፎ ጀርባዋን ወደ ብርሃኑ አስጠጋ።

«አየር በሚገባበት ክፍል ይጠቀሙ» አለ። «ትነቱን ወደ ውስጥ አይሳቡ…» ካርቶኗን ወደ ዓይኑ አቀረባት።

«ቀጥል!»

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ተሰምሮበታል።»

ቀማሁት። እውነትም ተሰምሮበታል፤ አባባ ጨርቅ በሚያሰምርበት ሰማያዊ እርሳስ፣ እንደ ስፌቱ ቀጥ ብሎ።

«ያውቅ ነበር!» አልኩ። ደሜ ፈላ። «የልጆች ነው እያለ ሲያሾፍብኝ ያውቅ ነበር!»

ወንድሜ አልሰማኝም። «ትንፋሽ ያዙ» አለ ለራሱ።

አባባ ሙጫ የሚቀባው በመርፌ ጫፍ ነበር፤ ልብስ ሰፊ ምን ያድርግ። ጠብታዋን በመርፌው ይዞ ወደ መርከቧ ሲጠጋ «ትንፋሽ ያዙ!» ይለናል። እኔና ወንድሜ ጉንጫችንን ነፍተን፣ ዓይናችን ፈጦ፣ ቁራጩን ከሁለት በኩል እንይዛለን። እሱ እስከ ሠላሳ ይቆጥራል። ሠላሳ ሲሞላ መስኮቱን ይከፍትና «ተንፍሱ» ይለናል።

«እጃችን እንዳይንቀጠቀጥ መስሎኝ» አለ ወንድሜ። «እስከ ዛሬ ተሳቢውን ወደ ኋላ ሳስገባ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሾፌሮቹ ይስቁብኛል።»

እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር የኖርኩት። አሁንም ክር በመርፌ ቀዳዳ ሳሾልክ አልተነፍስም። ይሄን ግን አልነገርኩትም፤ ንዴቴ አልወጣልኝም።

የአባባን ጠርሙስ ሳይከፍት በፌስታል ጠቅልሎ ቋጠረው። አዲሱን ሙጫ ከፈተ። ከመርፌዎቹ አንዷን መርጦ ጠብታዋን አስኬደና ጭስ ማውጫዋን ተከለ። ከዚያ ያ አርባ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ጉንጩን ነፋ። ዓይኑን አፍጥጦ ጠበቀኝ።

እያጉረመረምኩ በወዲህ በኩል ያዝኩለት።

«አንድ… ሁለት… ሦስት…»

ዘጠኝ ላይ አየር አጠረኝ። በአፍንጫዬ ሳብ አድርጌ ልቀጥል ስል ገባኝ። የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም።

መደርደሪያው ላይ ያሉትን መርከቦች አየሁ። ሰባት ናቸው፤ እያንዳንዷ ከመቶ ቁራጭ በላይ ናት። አባባ በያንዳንዱ ቁራጭ ሠላሳ ቆጥሯል፤ መርፌው ላይ አጎንብሶ፣ ከሁለታችንም ይበልጥ ቀርቦ።

ወንድሜ ጉንጩን እንደነፋ በአገጩ ምልክት ሰጠኝ። ቀጥይ ነው የሚለኝ።

«ተንፍስ!» ብዬ ጮህኩበት። «ተንፍስ አንተ ጅል፣ ይሄኛው መርዝ የለውም!»

ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ አፉን ግን አልከፈተም።

«አሥር» አልኩ።