የተረፈ ልጅ ፍለጋ

«ከዚህ ክፍል የተረፈ አንድ ልጅ አምጪልኝ፤ ያኔ ኪኒኑን እውጣለሁ» አለ በካንሰር ታሞ ሆስፒታል የተኛው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለእህቱ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እህቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤት ሊቀመንበር ይሏታል፤ ለልጆች ካንሰር ምርምር ገንዘብ የሚያሰባስበውን የተማሪዎች ክበብ ያቋቋመችው እሷ ናትና። ከካንሰር የዳኑ ሁለት ወጣቶች በሬዲዮ ሲናገሩ ሰምታ ነው የተነሳችው። የፊታችን ቅዳሜ ተማሪው ሁሉ ሜዳውን ይዞራል፤ ዘመድ አዝማድ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዙር የቻለውን ይሰጣል።

ወንድሟ ግን በሬዲዮ የሚደለል ልጅ አይደለም። በሦስት ወር ውስጥ ከዚያ ክፍል አራት ልጆች ተሸፍነው ሲወጡ አይቷል። ይኸው ሦስት ቀኑ፣ ኪኒኑን ምላሱ ሥር ይደብቅና ነርሷ ዞር ስትል ይተፋዋል። እናታቸው ለምና ለምና ድምፅዋ ተዘግቷል። ሐኪሙ ዛሬ ጠዋት ኮሪደር ላይ ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ እስከ ነገ ካልጀመረ እስካሁን የተለፋው ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው።

ሊቀመንበሯ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፍቷታል። ገና የመጀመሪያውን ቀን ሲተፋ «ከካንሰር የተረፈ ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ ጻፉልን» የሚል ወረቀት ለየተማሪው ወላጅ በትና ነበር። መልስ የመጣው አንድ ብቻ ነው። በተንጋደደ ጽሕፈት «ካንሰር ቤቴ ገብቶ ነበር። ልጅ ተርፎልኛል» ይላል። ከታች የአንድ ልብስ ስፌት ቤት አድራሻ አለ።

የክበቡን ጸሐፊ ይዛ በረረች። ጸሐፊው ሰው አያምንም፤ የገዛ እናቱን መታወቂያ ይጠይቃል እየተባለ ይቀለድበታል።

«እትዬ፣ ወረቀቱን የላኩት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ መኪናውን መርገጧን ሳታቆም። «ምን ልታዘዝ ልጆቼ?»

«ልጅዎን ፈልገን ነው። ወንድሜ ሆስፒታል ተኝቷል። ለአንድ ሰዓት ብቻ መጥቶ ቢያየው... እትዬ፣ ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው!»

መኪናው ቆመ። ሴትዮዋ ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት።

«ይሂድ። የታመመ ማጫወት ይችልበታል። እኔ ግን ከግቢው በር አላልፍም። ያን ሕንፃ ዳግም ላየው አልፈልግም።»

ልጁ ከጓዳ ወጣ። ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጉንጩ ድንቡሽ ያለ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት ኮቶች ተሰቅለዋል፤ በአንድ ጨርቅ፣ በአንድ ልክ የተሰፉ። የአንደኛው ክርን አልቆ ተጥፏል፤ ሌላው እንደ አዲስ ነው። እናቱ የተጣፈውን አወረደችና አለበሰችው።

«ስሚ» አለ ጸሐፊው መንገድ ላይ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። «ይሄ ነው ካንሰር የያዘው? እኔን ሊያስታምም የመጣ እኮ ነው የሚመስለው!»

«ዝም በል!»

«አዲሱን ኮት ትታ የተጣፈውን ለምን አለበሰችው? እንዲታዘንለት ነዋ! ይቺ ሴትዮ የፈለገችው ነገር አለ።»

ሊቀመንበሯ እርምጃዋን አፈጠነች፤ ጥርጣሬው ግን ተጋባባት። ወንድሟ ውሸት በአፍንጫው ያሸታል። ይሄ ልጅ አስመሳይ ከሆነ ነገሩ አበቃ።

ሴትዮዋ ሆስፒታሉ ግቢ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ቀረች። እነሱ ደረጃውን ወጡ።

ነርሷ ልጁን ስታይ ክው አለች። የያዘችው ሳህን ከእጇ ወደቀ። ከዚያ ጎንበስ ብላ አቅፋ ሳመችው፤ «አደግህ፣ አንተ!» አለችና ዓይኗን እየጠረገች ወጣች።

ሊቀመንበሯ ጸሐፊውን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ነርሷም አወቀችው! ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ አለ?

በሽተኛው ግን ገና አልተረታም። «የትኛው አልጋ ነበር?» አለ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ።

«ያ፣ ሦስት ቁጥር» አለ ልጁ ወደ መስኮቱ እያመለከተ። «ከሰዓት ፀሐይ ይገባል። መጋረጃውን በመርፌ ቁልፍ ነበር የምናያይዘው።»

«በጣም የሚያመውስ የቱ ነው?»

ልጁ ሸሚዙን ገለበና ወገቡ ላይ ያሉትን ሁለት ጠባሳዎች አሳየው። «መቅኔ ሲወስዱ። ትራሱን ነክሼ ነው የቻልኩት።»

«ጸጉርህስ?»

ልጁ አናቱን ዝቅ አድርጎ ሰጠው። በሽተኛው በሁለት ጣቱ ጎተተ፤ አልነቀል አለው።

«እና... ተረፍክ?»

ልጁ ሦስት ቁጥር አልጋን ብዙ አየው።

«ተረፍኩ። እናቴ ሁሌ ጠዋት ጠዋት እንደሱ ትለኛለች።»

በሽተኛው እጁን ዘረጋ። ልጁ ኪኒኑን አቀበለውና «መጀመሪያ ውኃ ተጎንጭ፤ ከዚያ አንገትህን ወደ ኋላ» አለው። ዋጠ። አፉን ከፍቶ ምላሱን አነሳና ለሁሉም አሳየ። የበሽተኛው እናት አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ በተዘጋ ድምፅዋ አለቀሰች።

«አፌን በቆረጠው!» አለ ጸሐፊው።

ሊቀመንበሯ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች፤ ግቢው በር ላይ ሴትዮዋ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«እትዬ፣ ዋጠ! ዋጠልኝ!»

«እሰይ፣ የኔ ልጅ! እሰይ!»

«ቅዳሜ ደግሞ ልጅዎ መድረክ ላይ ይውጣልን። እንዴት ታሞ እንደዳነ ለተማሪው ይንገርልን፤ እባክዎ!»

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አየቻት።

«እሱ ደግሞ መቼ ታመመ ልጄ? የታመመውማ መንታ ወንድሙ ነበር፤ መቅኔውን እንኳ ሰጥቶት ነበር፤ የተረፈልኝ ይሄኛው ነው።»