ለወፏ የተነገረው

ገለቴ ሰብሌን ደጅ ላይ አቆመቻት። ግቢ አላለቻትም።

«ሌላ ጆሮ ይዘሽ መጣሽ? ያለው አልበቃ ብሎ?»

ሰብሌ የመንደሩን የውሃ ቦኖ የሠራው ድርጅት ሠራተኛ ናት። ከላሊበላ ሽቅብ ሦስት ሰዓት በእግሯ የመጣችው ሰው ለማረጋጋት ነው። ድርጅቱ ስለ ውሃው የነዋሪውን አስተያየት በስልክ ሊሰበስብ ነው፤ የሚጠይቀው ግን ሰው ሳይሆን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ማሽን ነው። አርባ አንድ ቤት ተመርጧል፤ ከየቤቱ አንድ ሰው ይናገራል። አርባ አንዱም ፈርቷል።

ውሃው ከቆመ ሦስት ወር ሆኖታል። ፓምፑን የሚያንቀሳቅሱት አራት የሶላር ፓኔሎች አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሰው ሁሉ ገበያ በሚወርድበት ሰዓት ጠፉ። ዘበኛው የገለቴ ባል ጋሻዬ ነበር። በዚያ ሰዓት ቦታው ላይ አልተገኘም። ሚስቱን ምጥ ይዟት አዋላጅ ፍለጋ ሮጦ ነበር።

መንደሩ እንደ ወጉ አውጫጭኝ ተቀመጠ። አውጫጭኝ ላይ ሰው ሁሉ ይምላል፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየቀረበ ያየውን በሽማግሌው ጆሮ ያንሾካሹካል። የተጠርጣሪ ቤተሰብ አይቀርብም። ሽማግሌው ማን እንደ ነገራቸው አይገልጹም፤ «ወፍ እንዲህ አለች» ብቻ ይላሉ። ምን ብለህ ነገርክ ብሎ ጎረቤቱን የሚጠይቅ የለም። ነውር ነው።

ሽማግሌው አያ ሰጠኝ ናቸው። ሃያ ዓመት ወፍ ሲሰሙ ኖረዋል፤ አንድም ቀን የተናጋሪ ስም ከአፋቸው አልወጣም። ለፓኔሎቹ ሦስት ጊዜ አውጫጭኝ ተቀመጡ፣ ሦስቱንም ጊዜ አንገታቸውን ደፍተው ተነሡ።

«ወፍ ጋሻዬን አለች።»

የፊታችን እሑድ ጋሻዬ ከዕድር ይሰረዛል። ከዕድር የተሰረዘ ሰው ቢሞት ቀባሪ የለውም። ልጆቹን ይዞ አገር ከመልቀቅ በቀር ምን ምርጫ አለው?

ገለቴ በአያ ሰጠኝ አልተቀየመችም። እሳቸው የሰሙትን ተናገሩ። ደሟ የሚፈላው በጎረቤቶቿ ነው። ጡት ያልጣለ ልጅ አዝላ፣ ጄሪካን ተሸክማ ከምንጭ ስትወጣ «እንዴት ዋልሽ» ይሏታል። አትመልስም። ያን ቀን ልጇን ያዋለደቻት ይማርሽ ትናንት መንገድ ላይ አግኝታት አለቀሰች።

«ባሌን በልተሽ ታለቅሻለሽ?» አለቻት ገለቴ፤ በትከሻዋ ገፍታት አለፈች።

«ማሽኑ ስምሽን አይጠይቅም፣ እህቴ» አለች ሰብሌ። «ቀበሌም ሆነ ጎረቤት አይሰማሽም። ያልፈለግሽውን ጥያቄ ትዘይዋለሽ፤ ሲሰለችሽ ትዘጊዋለሽ። የሁሉም ቃል ተጠቃሎ በአንድ ወረቀት ነው የሚመጣው። ማን ምን እንዳለ እኔም አላውቅ።»

«ይቆጣል?»

«አይቆጣም።»

«ይዋሻል?»

«ሊሳሳት ይችላል። ለዚህ ነው የተናገርሽውን መልሶ የሚያሰማሽ። አዎ ካላልሽው አይመዘግበውም።»

«ለወፍ የዋሸ ሁሉ ለማሽን እውነት ሊናገር!» አለች ገለቴ። በሩን ዘጋችባት።

አያ ሰጠኝም ማሽኑን አልወደዱትም። ሰብሌን አስጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«መልክ የሌለው ጆሮ አይታመንም፣ ልጄ። ኢያቄም ልጄ ጋሸና ስልክ ቻርጅ የሚያደርግበት ሱቅ አለው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሾፌር ሁሉ እሱ ዘንድ ይሰለፋል። ስለ ስልክ የማያውቀው የለም። ማሽን የሰማውን ይለውጣል ይላል። ደግሞስ ወፍ ሦስት ጊዜ ተናግራ የለም እንዴ? ሰውን ምን ያደክመዋል?»

አጠገባቸው የነበሩት ሁሉ አንገታቸውን ነቀነቁ። ሰብሌም አልተከራከረቻቸውም። ሦስት ቀን ሙሉ ከቤት ቤት እየዞረች ያንኑ ደገመችው። ስም አይጠይቅም። መልሶ ያሰማችኋል። አዎ ካላላችሁ አይመዘግብም።

ሰው ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ አንድ በአንድ መውጣት ጀመረ። አምስት ደቂቃ የተባለው ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ነበር። ገለቴ ከግቢዋ ሆና ትቆጥራቸዋለች።

«ደግመው ሊገድሉት ነው» አለችው ባሏን።

ጋሻዬ ፊቱን አዞረ።

በሦስተኛው ቀን እሷም ወጣች። ንዴቷ ነው ያወጣት። ማሽኑ በለዘበ ድምፅ ስለ ውሃው ምን ማለት እንደሚፈልጉ ጠየቃት፤ አንቱ ነው የሚለው።

«ባሌ አልሰረቀም። ጎረቤቶቼ በሙሉ ውሸታሞች ናቸው።»

ማሽኑ ቃሏን መልሶ አሰማት። በሌላ ድምፅ ስትሰማው ይበልጥ አንገበገባት።

«አዎ!» ብላ ጮኸችበት። ስልኩን ዘጋች።

እሑድ ዕድሩ በደረቀው ቦኖ ዙሪያ ተሰበሰበ። አያ ሰጠኝ መሐል ተቀመጡ። ጋሻዬ ቆሟል። ገለቴ ልጇን አዝላ ከሴቶቹ ተለይታ ቆማለች፤ ወደ አንዳቸውም አላየችም። እነሱም መሬት መሬቱን ያያሉ።

ሰብሌ ከውሳኔው በፊት ወረቀቱን ላንብብ ስትል ፈቃድ ጠየቀች።

«ለምኑ?» አሉ አያ ሰጠኝ። «ያለቀ ነገር ነው።»

«ታንብበው» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው ደገመው።

ሰብሌ አነበበች። ስለ ውሃው የተናገሩት ሁሉ እንዲመለስ ይፈልጋሉ። የምንጩ መንገድም ሴቶችን እያደከመ ነው ብለዋል። ከዚያ ገጹን ገለጠችና ድምፅዋ ቀነሰ።

«ስለ ፓኔሎቹ፣ ከአርባ አንዱ አርባው የተናገሩት አንድ ነው፦ ‹ኢያቄም በበቅሎ ጭኖ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ በአባቱ በአያ ሰጠኝ ጆሮ ተናግሬያለሁ፤ ያልኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ዝም አልኩ።›»