ምርጥ አጨራረስ

የፋንታሲ ልቦለድ ወዳጆች የቴሌግራም ቡድን «የዓመቱ ምርጥ አጨራረስ» ለተባለው ሽልማት ጥቆማ የሚቀበልበት የመጨረሻ ቀን ነበር። ለመወዳደር ሁለት ጠቋሚ ያስፈልጋል፤ የአንድ ደራሲ የመጀመሪያ መጽሐፍ አንድ ብቻ አግኝቷል። ስለዚህ ደራሲው በሌላ ስም ገብቶ የራሱን መጽሐፍ ጠቆመ።

አስተባባሪዋ ትርሲት እንደ ደንቡ ጠየቀችው፤ «ማንበብህን እንዳምን መጨረሻውን ንገረኝ።»

«ልጅቷ የዋሻውን በር ከፍታ ዘንዶውን ገደለችው፤ ከዚያ ንጉሡን አገባች።»

«ወንድሜ፣ አታሹፍ። በሩን ከፈተች፣ አለቀ። እኔና ባሌ ከበሩ ጀርባ ምን አለ እያልን ስንከራከር ሳምንት ሆነን። አንተ ሠርግ ከየት አመጣህ?»

ከማተሚያ ቤት ከመጣ ወዲህ ገልጦት የማያውቀውን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረደ። ልጅቷ በሩን ከፈተች። ከዚያ ቀጥሎ ያለው የጀርባው ሽፋን ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ ሳይታተም ቀርቷል።

ብዙ አስቦ ጻፈ፤ «ይቅርታ፣ ከሌላ መጽሐፍ ጋር ተምታቶብኝ ነው። በሩን ከፈተች፣ አለቀ።»

«እንዲህ በለኝ እንጂ» አለችና መዘገበችው።

ከአንድ ወር በኋላ አባላቱ ዕጩዎቹን አንብበው ድምፅ ሰጡ። መጽሐፉ አሸነፈ። ከስልሳ ሦስቱ መራጮች ሌላ መጽሐፍ የመረጠው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ደራሲው ራሱ።