እምቢ ማለትን ያስተማረችው ልጄ

በታናሿ ልጄ ሠርግ ላይ፣ ከጆሮዬ ጀርባ የተቀበረውን የትዝታ መያዣ «የእንግዳውን ሁሉ መልክና ወሬ አንድም ሳታስቀር ያዝልኝ» አልኩት።

«አልችልም፤ ቦታው አይበቃም። ቀንሰው ይዘዙኝ» አለኝ። ጆሮዬ ስለደከመ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው።

ጎረቤቴ ስንዱ ሳቀችብኝ። «ትልቋ ልጅሽ የምትሠራው ዕቃ እንዲህ ያዋርድሽ?»

«እምቢ ማለትን ያስተማረችውማ እሷው ናት!» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

ድሮ እምቢ ማለት አያውቅም ነበር። ስንት ቦታ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ የእንግዳውን ብዛት በወሬው ብዛት ሲያባዛ ቁጥሩ ከአቅሙ በላይ ከሆነበት፣ እንደ መኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል። ትንሽ መስሎት ጠባብ ቦታ ይሰጣል፤ የተረፈው አጠገቡ ባለው ትዝታ ላይ ይፈስሳል። ባለቤቴ የወንድ ልጃችንን ሠርግ በራሱ መያዣ እንዲያ አድርጎ አስያዘ። በማግስቱ የእንግዶቹን ስም በሙሉ ሲጠራልኝ አረፈደና «እርስዎስ የማን ዘመድ ነዎት?» አለኝ። የእኔና የልጆቹ ትዝታ የነበረበት ቦታ ስለተበላሸበት፣ ማን እንደሆንን ደጋግመን ብንነግረውም አይይዝለትም።

ትልቋ ልጄ የምሥራች ያኔ ተነሣች። መያዣው ከማባዛቱ በፊት ቦታው ይበቃ እንደሆነ እንዲመረምር፣ ካልበቃም እምቢ እንዲል አደረገችው።

ሙሽራዋ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። «በል ይህቺን ብቻ ያዝልኝ» አልኩት መያዣዬን። እሺ አለኝ።

ባለቤቴ ከጎኔ ሆኖ የምሥራችን በአገጩ አሳየኝ። «ያቺ ጎበዝ የሚሏት ልጅ የእርስዎ ናት?»

«የእኛ ናት» አልኩት።