ትክክለኛው ፉርጎ

አቶ ኪዳነወልድ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው የመጫወቻ ባቡር ይፈልጋሉ። ሰፈሩ ይህን ከሰማ ወዲህ መሳቂያ አድርጓቸዋል። «ሽማግሌው ልጅነታቸው ተመለሰ!» ይባላል። ይባል። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ፤ ሐረር ከሸዋ በር ውጪ ባለች አንዲት ክፍላቸው ከሬዲዮናቸው ጋር ይኖራሉ። በዓል ሲመጣ በራቸውን ዘግተው ይውላሉ።

ደግሞ ማንኛውም ባቡር አይሆናቸውም። የሚፈልጉት አንድ ፉርጎ ነው፤ ድሮ ከድሬዳዋ ጅቡቲ እህል የሚያመላልሰውን። ትንሽ ይሁን፣ ግን ልክ እሱን ይሁን።

ፈረስ መጋላ ስልክ የምትሸጠው ባርኮት ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ ሁለት ጊዜ ከውጭ አገር አስመጣችላቸው። የመጀመሪያው ጣሪያ የለውም። ሁለተኛው ሆዱ እንደ ማንቆርቆሪያ ተድቦልቡሏል።

«ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ምን ሆነ? የእህል ፉርጎ ነው ይላል እኮ!»

«የፈረንጅ ነው። የኛ በጎኑ በር ነበረው።»

«በር ምን ያደርግልዎታል? ሰው አያሳፍሩበት!»

አቶ ኪዳነወልድ ፈገግም አላሉ። ባርኮት ቀልዷ ስላልያዘላት አፈረች።

ነገሩ የበሩ ነው። እሳቸው ለማንም ያልተናገሩትን እኛ እንንገራችሁ። በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ድሬዳዋ ጣቢያ የእህል ፉርጎ ያሽጉ ነበር። በሩን ይዘጋሉ፣ የብረት መወርወሪያውን ይጥላሉ፣ ሽቦ ያስራሉ፣ ሽቦው ላይ የእርሳስ ማኅተም ይመታሉ። በቀን ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ። ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንድማቸው ኤልሳዕ በደርግ ይፈለግ ነበር። እናትና አባታቸው ሞተዋል፤ ሁለት ብቻ ነበሩ። ኤልሳዕን የቦሎቄ ጆንያ መሀል ደበቁት። ስምምነታቸው ግልጽ ነው፤ ማኅተሙ ለይስሙላ ይመታል፣ መወርወሪያው ግን አይጣልም። ጅቡቲ ሲደርስ በሩን ገፋ አድርጎ ይወርዳል።

ምን ያደርጋል! በቀን አርባ ጊዜ የሚሠሩትን ሥራ ማን አስቦ ይሠራዋል? እጃቸው በሩን ዘጋ፣ መወርወሪያውን ጣለ፣ ሽቦውን አሰረ። ያወቁት ባቡሩ ከሄደ በኋላ ነው። ለማን ይናገሩ? መናገር ልጁን አሳልፎ መስጠት ነው። ባቡሩ በረሃ ላይ ተበላሽቶ አራት ቀን እንደቆመም ሰሙ። ከኤልሳዕ አንድ ቃል ሳይመጣ አርባ አምስት ዓመት ሆነ። ወንድሜን እኔው በእጄ ገደልኩት ብለው ይኖራሉ።

አንዲት ተስፋ ብቻ አለቻቸው። ፉርጎውን ከውጪ አሳምረው ያውቁታል። ተዘግቶ ሳለ ውስጡን ያየው ግን ማን ነው? ምናልባት ሌላ መውጫ ነበረው። አሮጌዎቹ ፉርጎዎች ተቆራርጠው ብረታቸው ተሸጧል። ሰው ፊት ቀርቦ «ወንድሜን ቆልፌበታለሁ፣ ይወጣ ይሆን?» ማለት ደግሞ አልሆነላቸውም። ስለዚህ የባቡር አፍቃሪ መሰሉ።

የፈረንጁ አልሆን ሲል ከዘይት ቆርቆሮ ራሳቸው ሠሩት። ይዘውትም የድሮ ነጋዴዎችን በር አንኳኩ። አንዱ ቀለሙ ግራጫ ነበር ይላል፣ አንዱ ቡናማ። ስለ ውስጡ የሚያውቅ ግን ጠፋ።

አንድ ቀን ባርኮት ከሱቋ ጠራቻቸው። «ጋሼ፣ ጊደር መጋላ በርበሬ የምትሸጠዋን ናፊያን ያውቋታል? አባቷ ሐጂ አብዱልፈታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጅቡቲ እህል ሲነግዱ ኖረው ዘንድሮ ልጃቸው ጋ ገብተዋል።»

በማግስቱ ሄዱ። ሐጂ አብዱልፈታ ሰማንያን ያለፉ፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። ፉርጎውን ተቀብለው አገላበጡት።

«ማሻ አላህ! ቁርጥ እሱን!» አሉ። ከዚያ ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «ይቺ ግን አልሆነችም።»

«ምኗ?»

«መስኮቷ። ቀለም ቀብተህ አልፈሃታል። እዚህ ከጣሪያው ሥር የምትከፈት ቆርቆሮ ነበረች፤ እህሉ እንዳይታፈን። የምትከፈተውም ከውስጥ ነው።»

አቶ ኪዳነወልድ መደቡን ያዝ አደረጉ። «ሰው ታስወጣለች?»

«ወፍራም አታስወጣም። ቀጭን ግን… ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ! በሰባ ሁለት ነው። ቦሎቄ ልረከብ ጅቡቲ ጣቢያ ቆሜ፣ አንድ ጎረምሳ በዚያች መስኮት ተንሸራቶ ወረደ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ጥፍሮቹ ደም በደም ናቸው። ውሃ ሰጠሁት። ስምህ ማነው ብለው፣ ኤልሳዕ አለኝ።»

አቶ ኪዳነወልድ እንደ ልጅ አለቀሱ። ሐጂ ግራ ገባቸው።

«ምነው ወዳጄ! ልጁ ደህና ሆነ እኮ። ሁለት ወር እኔ መጋዘን ሠርቶ በመርከብ ሄደ። በደህና ደርሻለሁ ብሎም ደውሎልኛል።»

«ተመስገን» አሉ አቶ ኪዳነወልድ። «ተመስገን፣ ተመስገን!»

መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። አልሞተም! እሳቸውም ገዳይ አይደሉም። ያኔ ደብዳቤ ይጠፋል፣ ይቀደዳል፤ ጽፎ ሳይደርሳቸው ቀርቶ ነው። ዕንባቸውን በመዳፋቸው ጠርገው በቀስታ ጠየቁ።

«ያኔ እርስዎ ወር በወር ወደዚህ ይመላለሱ ነበር አይደል፣ ሐጂ? ድሬዳዋ ላለ ሰው… መልእክት አልሰጠዎትም?»

«ኧረ እኔው ነኝ የለመንኩት! ዘመድ ካለህ ጻፍና ላድርስልህ አልኩት። ‹አንድ ወንድም ነበረኝ፤ በሩ የተቆለፈብኝ ዕለት ሞተብኝ› አለኝ።»